እጅ ሲቈጥር ልብ የት ነው? ስለ መቁጠሪያ ጸሎትና ስለ አንድ ሐዋርያዊ መልእክት

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ አባቶቻችን። ስለ ዓይን እንዲህ ከተባለ ስለ ምላስማ ምን ይባል ይሆን? ምላስ ከዓይን ይልቅ ልማደኛ ናት። አንድ ጊዜ ያጠናችውን ቃል፣ ልብ ቢተኛም፣ ልብ ገበያ ቢውልም፣ ልብ ከሰው ጋራ ቢጣላም፣ እርሷ ሳትሳሳት ትወጣዋለች። ስለዚህ የሚጸልይ ሰው ሁሉ ከገዛ ምላሱ ጋራ ሙግት አለበት። ይህም ሙግት እንደ መቁጠሪያ ጸሎት የሚበረታበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ወጣት ነው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጠብቆ፣ «መምህር፣ አይቈጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጅ ወደ አባቱ ገብቶ አንድ ቃል ኀምሳ ጊዜ ቢመላልስበት አባትየው አይሰለችምን? እግዚአብሔርስ አንድ ጊዜ ብንነግረው አይሰማንምን?» አለኝ። እኔም ከትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ያጠናሁትን መለስሁለት። እርሱም በትሕትና ሰምቶ እጅ ነሥቶኝ ሄደ። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ፊት የቆመ ሰው፣ የገባውን ልጅ ካልገባው ልጅ በፊቱ ይለያልና፣ ያ ወጣት ባዶ እጁን እንደ ሄደ ዐወቅሁ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለእርሱና ለጓደኞቹ የዘገየ መልስ ነው። ነገሩንም ከራሴ ብቻ እንዳላመጣው፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2002 ዓ.ም. ስለ ድንግል ማርያም መቁጠሪያ የጻፉትን ሐዋርያዊ መልእክት እመረምራለሁ። የሚመሰገንበትን አመሰግናለሁ፤ የጐደለው የመሰለኝንም ሳልፈራ እናገራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ጸሎቱን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። መቁጠሪያው ዐሥር ዐሥር ፍሬ ያለባቸው አምስት ክፍሎች አሉት። በእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ «አባታችን ሆይ» ይባላል፤ ቀጥሎ የመልአኩ ሰላምታ ዐሥር ጊዜ ይደገማል፤ በመጨረሻም ለሥላሴ ምስጋና ይቀርባል። የሰላምታው የመጀመሪያ ክፍል በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ከተጻፈው ከመልአኩ ከገብርኤልና ከኤልሳቤጥ ቃል የተወሰደ ነው። ልመናው የሚገኝበት ሁለተኛው ክፍል ግን ዛሬ ያለውን መልክ ይዞ የጸናው በ1568 ዓ.ም. በወጣው የሮማ ሥርዐት የጸሎት መጽሐፍ ነው። ምላስ ይህን ስትደግም ልብ ደግሞ ከጌታችንና ከእናቱ ሕይወት አንዱን ነገር ያስባል፤ ልደቱን፣ ስቅለቱን፣ ትንሣኤውን። ይህ ምሥጢር ይባላል።

አመጣጡ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአውሮፓ ገዳማት ማንበብ የሚችሉት መነኰሳት 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ፊደል ያልቈጠሩት ግን በመዝሙሩ ፈንታ «አባታችን ሆይ» 150 ጊዜ ይሉ ጀመር፤ በኋላም የመልአኩ ሰላምታ ይህንኑ ቍጥር ያዘ። እንግዲህ መቁጠሪያ መጽሐፍ ለሌለው ሰው የተሰጠ ዳዊት ነው። ዳዊት ደገመ ማለት ተማረ ማለት በሆነበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ምን ያህል ትልቅ ስጦታ እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጸሎቱን እመቤታችን ራሷ በ1221 ዓ.ም. ላረፈው ለቅዱስ ዶሚኒኮስ ሰጠችው የሚል ትውፊት አለ። የታሪክ መርማሪዎች ግን በቅዱሱ ዘመን ከተጻፉት ጽሑፎች ይህን የሚያስረዳ አላገኙም። ትውፊቱንም ጸሎቱንም በሰፊው ያሠራጨው በ1475 ዓ.ም. የሞተው የዚያው ማኅበር መነኵሴ አላን ዘሮሽ ነው። ከእርሱ በፊት፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ የፕሩሲያው ዶሚኒኮስ የሚባል የካርቱዚያን ማኅበር መነኵሴ ለኀምሳው ሰላምታ ለእያንዳንዱ ስለ ጌታ ሕይወት የምትናገር አጭር ሐረግ ጨምሮለት ነበር። በ1569 ዓ.ም. ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 5ኛ ባወጡት ደብዳቤ የጸሎቱን መልክ አጸኑት። ይህን የምዘረዝረው ጸሎቱን ለማሳነስ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ በውስጡ ሁለት ነገሮች እንዳሉ ለማሳየት ነው፤ ይኸውም ቍጥርና ማየት ነው። ቍጥሩ ከዳዊት መጣ፤ ማየቱ ከወንጌል መጣ። ሁለቱ የተጋቡ እንደ ሆነ ጸሎት ይወለዳል፤ የተፋቱ እንደ ሆነ ግን የሚቀረው ሒሳብ ብቻ ነው።

ወደ መልእክቱ ልመለስ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ይህን የጻፉት ጥቅምት ወር በአውሮፓ አቈጣጠር 16ኛው ቀን ላይ፣ በመንበራቸው 25ኛው ዓመት መግቢያ ነው። ዓለም መስከረም 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ከደረሰው ጥፋት ገና አልተጽናናችም ነበርና፣ ጸሎቱ ስለ ሰላምና ስለ ቤተ ሰብ እንዲቀርብ ይለምናሉ። 43 አናቅጽ ያሉት ይህ መልእክት አንድ ዋና ሐሳብ አለው። መቁጠሪያ ምንም እንኳ የማርያም ጸሎት ቢባል ልቡ ክርስቶስ ነው፤ እኛም የልጁን ፊት በእናቱ ዓይን እንድናይ ተጠርተናል ይላል። ጳውሎስ 6ኛም በ1974 ዓ.ም. ባወጡት መልእክት፣ ማሰላሰል የሌለበት መቁጠሪያ ነፍስ እንደ ተለየችው ሥጋ ይሆናል ብለው አስጠንቅቀው ነበርና፣ አዲሱ መልእክት የተሠራው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ብዙ ሰው መልእክቱን የሚያውቀው ግን በጨመራቸው በአምስቱ የብርሃን ምሥጢራት ነው። ቀድሞ የነበሩት ዐሥራ አምስት ነበሩ፤ አምስት የደስታ፣ አምስት የሐዘን፣ አምስት የክብር። የደስታው በዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በቤተ መቅደስ መገኘት ያበቃል፤ የሐዘኑ በጌቴሴማኒ ይጀምራል። በመካከሉ ያለው ጥምቀቱ፣ ስብከቱ፣ ድውይ መፈወሱ የት ሄደ? የመጽሐፉን መጀመሪያና መጨረሻ አስተምሮ መካከሉን የሚዘል መምህር ምን ይባላል? ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ይህን ባዶ ቦታ አይተው፣ በዮርዳኖስ መጠመቁን፣ የቃናን ሠርግ፣ የመንግሥተ ሰማያትን ስብከት፣ በተራራ ላይ መልኩ መለወጡንና ቅዱስ ቍርባንን መሥራቱን ጨመሩ። ሐሙስንም ለእነዚህ መደቡላቸው። ሆኖም ለእያንዳንዱ ሰውና ማኅበር ነጻነት ተዉ እንጂ በግድ አልጫኑም።

በዚህ የተቈጡ አሉ። 150 የነበረው ሰላምታ 200 ሆነ፣ ከዳዊት ጋራ የነበረው ዝምድና ተቈረጠ ይላሉ። እኔም ዳዊትን ስለምወድ ጥቂት ጊዜ ዐዝኜ ነበር። ነገር ግን መልእክቱ ራሱ የ150ን አመጣጥ ያነሣልና ሳያውቁ ያደረጉት አይደለም። ደግሞስ ፊደል ያልቈጠረው መነኵሴ ዳዊትን የፈለገው ለቍጥሩ ነበርን? እግዚአብሔርን ፈልጎ አይደለምን? ስለዚህ ትርፉ ከኪሳራው ይበልጣል ብዬ እፈርዳለሁ። ሌሎች ደግሞ፣ ከቃና በቀር በአዲሶቹ ምሥጢራት ማርያም ከበስተ ኋላ ናት ይላሉ። መልእክቱ ይህን አይክድም፤ በቃና ለአገልጋዮቹ የሰጠችው ምክር፣ ልጇ የሚላቸውን እንዲያደርጉ መንገሯ፣ ለአምስቱም መሠረት ነው ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ለእኔ ይበቃኛል።

ይሁን እንጂ የመልእክቱ ብልጫ እነዚህ አምስቱ ናቸው ብዬ አላምንም። ብልጫው በሦስተኛው ምዕራፍ ስለ አጸላለዩ የጻፉት ነው። ምሥጢሩን በስሙ ጥሩ፤ ቢቻል ሥዕሉን ተመልከቱ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለዚያ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከዚያም ጥቂት ጊዜ ዝም በሉ፤ ከዝምታው በኋላ ጸሎቱን ጀምሩ ይላል። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ። ምክንያቱም ይህን ትምህርት ፊርማዋን እንኳ መጻፍ ከማትችል ሴት ከብዙ ዓመት በፊት ሰምቼው ነበር።

እርሷም እናቴ ናት። ማታ ከራት በፊት ስፌቷን ወደ ጥግ ታደርግና ኩራዙን ዝቅ አድርጋ እኛን ልጆቿን ትሰበስባለች። ወዲያው አትጀምርም። በመጀመሪያ፣ «ልጆች፣ ዛሬ የት ነን?» ብላ ትጠይቃለች። ማክሰኞ እንደ ሆነ «ጌቴሴማኒ» እንላለን፤ ሰኞ እንደ ሆነ «ናዝሬት» እንላለን። ቀጥላ፣ «ምን ይታያችኋል?» ትላለች። አንዱ የወይራ ዛፍ፣ አንዱ የተኙትን ሐዋርያት ይናገራል። አንድ ቀን በቤተ ልሔም ሳለን ታናሽ እኅቴ «የእረኞቹ ውሻ ሲጮኽ ይታየኛል» ብትል ሁላችን ሣቅን። እናቴ ግን ሳትቈጣ፣ «ውሻውስ ይጩኽ፤ አንቺ ግን አልፈሽው ግቢና ሕፃኑን እዪ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ጸሎቱን ጀመረች። እኔም ያን ዕለት ኀምሳውን ሰላምታ አንድ በአንድ መስማቴን አላስታውስም። ቃሉ በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናም ከላይ ይሰማ ነበር፤ እኔ ግን ከግርግሙ አጠገብ ነበርሁ።

ወጣት ወዳጄ ሆይ፣ ለጥያቄህ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። እናት ልጅዋን አዝላ እሹሩሩ ስትል አንዱን ቃል ስንት ጊዜ ትመልሰዋለች? ሕፃኑ ሰለቸኝ ይላልን? ቃሉ አዲስ ነገር ለመንገር አይደለምና፣ አብሮ ለመቈየት ነውና አይሰለችም። መልእክቱም ጌታ ጴጥሮስን ትወደኛለህን ብሎ ሦስት ጊዜ መጠየቁን፣ ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ መመለሱን ያነሣና፣ የፍቅር ቃል በመደገም እንደማያረጅ ያስረዳል። እኔም ሌላ ማስረጃ ልጨምር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን እንደ አሕዛብ ቃል እንዳናበዛ ያስጠነቅቃል። ነገር ግን በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 26 እርሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ ተብሎ ተጽፏል። በእኛ ዳዊት መዝሙር 135ን ብትከፍት አንዱ የምሕረት ምስጋና በየቍጥሩ ሲመለስ ታገኛለህ። የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንም መቁጠሪያቸውን ይዘው ያንኑ የምሕረት ልመና 41 ጊዜ ይላሉ። እንግዲህ የተከለከለው መደጋገም አይደለም፤ ባዶ መሆን ነው እንጂ።

አሁን የጐደለ የመሰለኝን ልናገር። መልእክቱ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ይህ ጸሎት ለዘመኑ ልጆችና ወጣቶች ጠባይ አይስማማም የሚለውን ወቀሳ ያነሣና፣ ምናልባት ወቀሳው የሚገባው ለጸሎቱ ሳይሆን ለተጐሳቈለው አጸላለይ ነው ብሎ ይመልሳል። እውነት ነው። ነገር ግን እዚያው ያቆማል። አጸላለዩን ማን አጐሳቈለው ብሎ አይጠይቅም። እኔ እጠይቃለሁ። መልሱንም ዐውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ።

በወጣትነቴ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ የአዳሪ ተማሪዎች ጠባቂም ነበርሁ። የማታው መቁጠሪያ በእኔ እጅ ነበር። የእናቴን ጥያቄ ለልጆቹ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ጊዜ የለም እል ነበር። ቶሎ የሚመራውን ልጅ አመሰግነው ነበር። ይህም አልበቃኝም። አርፍዶ የመጣውን፣ በጥናት ሰዓት ያወራውን፣ በግቢው ጠጠር ላይ አንበርክኬ አምስቱን ምሥጢር እንዲደግም እፈርድበት ነበር። ዱላ አለመያዜንም እንደ ቸርነት እቈጥረው ነበር። ልጆቹ ጸሎት ይማራሉ፣ ሥርዐትም ይማራሉ፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ እያልሁ ራሴን አታልል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ልቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ሰዎች መቁጠሪያ ጀመሩ። አጠገቤ የነበረ አንድ ጐልማሳ ተነሥቶ ወጣ። የቀድሞ ተማሪዬ ነበርና ታሞ ይሆን ብዬ ተከተልሁት። በአጥሩ ሥር ቆሞ አገኘሁት። «ምነው ልጄ፣ ደኅና አይደለህም?» አልሁት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «መምህር፣ እርስዎን ለማሳዘን ብዬ አይደለም። እኔ ይህን ጸሎት የማውቀው በቅጣት ነው። ሲጀመር በሰማሁ ቍጥር ጕልበቴን ያመኛል» አለኝ። እዚያው ይቅርታ ለመንሁት። እርሱም ጨዋ ልጅ ነውና፣ «እኔስ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ጕልበቴ ግን ገና አልረሳም» አለኝ። ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም። አንድ ሰው የእግዚአብሔርን እናት ስም ሲሰማ ጠጠር ብቻ እንዲታየው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጸሎትን ቅጣት ያደረገ ሰው፣ ልጁን ከቅጣቱ ጋራ ጸሎቱንም እንዲሸሽ ያስተምረዋል።

መልእክቱ ይህን ጸሎት በመውደዳቸው የታወቁትን ቅዱሳን እየጠቀሰ ያመሰግናል። እኔ ብጽፈው ኖሮ ጸሎቱ የከበዳትን አንዲት ቅድስት እጨምርበት ነበር። የሊዝዩዋ ቅድስት ተሬዛ በ1897 ዓ.ም. በ24 ዓመቷ ያረፈች ናት። በሕይወቷ መጨረሻ በጻፈችው ደብተር፣ መቁጠሪያን ብቻዋን መድገም ለሥጋ ቅጣት ከሚለበሰው መሣሪያ ይልቅ እንደሚከብዳት፣ ልቧን በምሥጢራቱ ላይ ለማቆም ብትታገልም እንዳልቻለች እያፈረች ትናዘዛለች። ረዥም ጊዜ ዐዝና በኋላ ግን፣ እናት በጎ ፈቃድን ታያለች ብላ ተጽናናች። ልቧ በደረቀባት ጊዜም አንድ «አባታችን ሆይ»ና አንድ የመልአኩን ሰላምታ ብቻ በጣም ቀስ ብላ ትል ነበር። ይህችን ሴት ቤተ ክርስቲያን በ1997 ዓ.ም. ከሊቃውንቷ ጋራ ቈጠረቻት፤ ያንን ያወጁትም ራሳቸው ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ናቸው። እንግዲህ ልቡ የሚባክንበት ወጣት ሁሉ ከእርሷ ጋራ ነውና ተስፋ አይቍረጥ። እኔም ያን ጊዜ ይህን ዐውቄ ቢሆን ኖሮ፣ ለአዳሪዎቹ ልጆች አንድ ሰላምታ ቀስ ብሎ ማለትን ባስተማርኋቸው ነበር።

ሌላም መልእክቱ በጥቂት ቃል የነካው ነገር አለ። መቁጠሪያን እንደ ክታብ ወይም እንደ ጥንቈላ ዕቃ መቍጠር ስሕተት ነው ይላል። ዛሬ በመኪና መስተዋት ላይ ተንጠልጥሎ፣ በአንገት ላይ ለጌጥ ተደርጎ የምናየው ሁሉ ከዚህ ፍርድ ያመልጣልን? ማንጠልጠሉ ኀጢአት ነው አልልም። ነገር ግን በእጅ ሊያዝ የተሠራው ዕቃ በመስታወት ላይ ብቻ ከዋለ፣ ባለቤቱ የሚተማመነው በፍሬው ነው እንጂ ፍሬው በሚያሳየው በክርስቶስ አይደለም።

ደግሞ ይህ ጸሎት ከላቲን የመጣ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል አለ። ከውጭ መምጣቱን አልክድም። ሆኖም ሰባቱን የሳምንት ቀኖች ለእመቤታችን ምስጋና የከፈለው ውዳሴ ማርያም በእጃችን ሳለ፣ ምሥጢራቱን ለሳምንቱ ቀኖች የሚያድለው መቁጠሪያ እንዴት እንግዳ ይሆንብናል? አንዱ ሌላውን አያስወጣም። መልእክቱም መቁጠሪያ የቅዳሴ ምትክ አይደለም፣ የቅዳሴ አገልጋይ ነው ብሎ ያስተምራል።

እንግዲህ ፍርዴን ላጠቃልል። መልእክቱ ጥሩ ነው፤ ስለ አዲሶቹ ምሥጢራት ሳይሆን ስለዚያች አጭር ዝምታ ሲሉ ሊነበብ ይገባዋል። የጐደለው የትልልቆቹ ንስሓ ነው። የመቁጠሪያ ዋጋውም በፍሬው ብዛት፣ በቃሉ ፍጥነት አይለካም፤ እናቴ ትጠይቀው ለነበረው ጥያቄ በምንሰጠው መልስ ይለካል። ስለዚህ፣ ወጣት ወዳጄ ሆይ፣ ኀምሳው ከከበደህ በዐሥሩ ጀምር፤ ዐሥሩም ከከበደህ በአንዱ ጀምር። ከመጀመርህ በፊት ግን አንድ ነገር እስኪታይህ ዝም በል፤ የእረኞቹም ውሻ ቢሆን ግድ የለም፣ እርሱን አልፈህ ትገባለህ። አባት በሆንህ ጊዜ ልጅህን በጸሎት አትቅጣ። የሌላውንም ሰው ፍሬ አትቍጠር።

እኔ ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ብቻዬን ማታ መቁጠሪያዬን ስይዝ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ «ዛሬ የት ነን?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ጌቴሴማኒ ነን። ምን ይታይሃል? ስባል ግን የወይራው ዛፍ ቀርቶ በጠጠር ላይ የተንበረከኩ ልጆች ይታዩኛል። ጌታም ከእነርሱ ጋራ ተንበርክኮ ይታየኛል። ያን ጊዜ ወደ እነርሱ ሄጄ አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራሁ እጸልይላቸዋለሁ፤ ስማቸውን የረሳሁትም አሉና እርሱ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ። አንተም እጅህ ይቍጠር፤ ልብህን ግን ዛሬ የት እንዳለ ጠይቀው።